በባርኔጣ ያለፈ ሽጉጥ

የካቲት 4 ቀን 1985 ከፍራንክፈርት ተነሥቶ በካይሮ በኩል አዲስ አበባ ሊገባ የነበረ የሉፍታንዛ አውሮፕላን፣ ሃኖቨር ላይ ነዳጅ ቀድቶ ኒውዮርክ አረፈ። አቅጣጫውን ያስቀየረው አንድ የ20 ዓመት ኢትዮጵያዊ ነበር። ሽጉጡን በባርኔጣው ሸሽጎ ፍተሻውን አልፏል። አሜሪካ ከደረሱ በኋላ መሣሪያውን ለአብራሪው አስረከበ፤ በለውጡ የአብራሪውን የፀሐይ መነጽር ወሰደ።

ሽጉጡ የሩጫ ማስጀመሪያ ነበር። ስታዲየም የሚገባ ሰው ሁሉ ድምፁን ያውቀዋል፤ ይጮኻል እንጂ ጥይት አይተፋም። አውሮፕላኑ ውስጥ የነበሩት 104 ሰዎች ግን ይህን በምን ይወቁ?

ዛሬ ኤርሶፍት የሚባለውን የጨዋታ ጠመንጃ ይዞ የሚጓዝ ሰው «አሻንጉሊት እኮ ነው» ብሎ ቢከራከርም ከመንገደኞች ክፍል የሚከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። በበረራ ላይ ሽጉጥን ሽጉጥ የሚያደርገው የሚያየው ሰው ፍርሃት ነው። ይህን ከሁሉ ቀድመው በመራራ መንገድ ከተማሩት አገሮች አንዷ ደግሞ ራሷ የኤርሶፍት እናት ናት፤ ጃፓን።

እ.ኤ.አ. መጋቢት 31 ቀን 1970 ከቶኪዮ ወደ ፉኩኦካ ይበር የነበረ ቦይንግ 727 በዘጠኝ ወጣት አብዮተኞች ተጠለፈ፤ መጨረሻውም ፒዮንግያንግ ሆነ። ሰይፍና ሽጉጥ፣ ቦምብም ይዘናል ብለው ነበር። በኋላ እንደታወቀው መሣሪያዎቹ አሻንጉሊትና አስመስሎ የተሠሩ ነበሩ። በዓመቱ የጃፓን ሕግ ከብረት የሚሠሩ የሽጉጥ አምሳያዎች አፈሙዛቸው እንዲደፈን፣ ቀለማቸውም ነጭ ወይም ቢጫ እንዲሆን አዘዘ። ቢጫ ሽጉጥ ማን ይሰበስባል? ሠሪዎቹ ቀስ በቀስ ወደ ፕላስቲክ ዞሩ፤ በዚያው አሥር ዓመት ውስጥም ትንሽ የፕላስቲክ እንክብል በጋዝ ወይም በስፕሪንግ የሚተኩሰው ጨዋታ ተወለደ። እውነተኛ መሣሪያ መያዝ እጅግ በከበደበት አገር ገበያው ደራ። ቶኪዮ ማሩይ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1991 በባትሪ የሚሠራውን ሲያወጣ ጨዋታው ባሕር ተሻገረ።

አሜሪካ በበኩሏ በጠለፋ ብዛት ተማርራ እ.ኤ.አ. ከጥር 1973 ጀምሮ መንገደኛውን ሁሉ ከነእጅ ሻንጣው መፈተሽ ጀመረች። ፍተሻ ግን የሚያቆመው የሚታየውን ነው። ኅዳር 14 ቀን 1989 የኢትዮጵያ አየር መንገድን ቦይንግ 767 የጠለፉት ሦስት ሰዎች ቦምብ ነው ያሉት ነገር የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ እንደነበር በኋላ ተነግሯል። አውሮፕላኑ ነዳጅ ጨርሶ ኮሞሮስ ዳርቻ ባሕር ላይ ወደቀ፤ ከ175ቱ 125 ሰዎች አለቁ።

እናም የጨዋታ ጠመንጃው ቦታ የአውሮፕላኑ ሆድ ሆነ። የአሜሪካ የትራንስፖርት ደኅንነት መሥሪያ ቤት ኤርሶፍትን ለጭነት በሚሰጥ ሻንጣ ብቻ ይፈቅዳል። ይሁንና ዕቃው አንድ ላይ አይጓዝም። መለዋወጫ የሊቲየም ባትሪ በተቃራኒው ከባለቤቱ ጋር መንገደኞች ክፍል መግባት አለበት፤ እዚያ ቢጨስ ሰው ይደርስበታል፣ ጭነት ክፍል ውስጥ ግን ማን ያየዋል? ተጫዋቾች ግሪን ጋዝ የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው ፕሮፔን ነው፤ የማእድ ቤት ሲሊንደር ዘመድ ማለት ነው። እሱ ላይም ታችም አይገባም። ጠመንጃው ታች፣ ባትሪው ላይ፣ ጋዙ ቤት።

ከዚያ በላይ የሚያስቸግረው መድረሻው ነው። ቶኪዮ ላይ ከሱቅ የሚገዛው መጫወቻ አውስትራሊያ ሲደርስ እንደ ጦር መሣሪያ ይታያል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1988 ባወጡት ሕግ የአሻንጉሊት ሽጉጥ አፈሙዝ ጫፉ ደማቅ ብርቱካናማ እንዲሆን ደንግገዋል፤ ፖሊስ ከሩቅ እንዲለየው። የሻንጣ ኤክስሬይ ግን የቀለም ነገር አይገባውም። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ቃታ፣ እጀታና አፈሙዝ ነው። ፈታሹ ሻንጣውን ይከፍታል፣ ብርቱካናማዋን ጫፍ ያያል፣ ይዘጋል፤ ባለቤቱም ቤቱ ገብቶ ሲከፍተው ከሸሚዞቹ መካከል «ሻንጣዎ ተፈትሿል» የምትል ወረቀት ያገኛል።