የጤፍ የዘር ሐረግ፦ ከአርሶ አደሩ ማሳ እስከ ቤተ ሙከራ

በአማርኛ «ዘር» የሚለው ቃል ለሰውም ለእህልም ያገለግላል። የመንዝና የመርሐቤቴ ሰው ልጁን ሲድር እስከ ሰባት ቤት ድረስ ዝምድና እንደሚቆጥር ሁሉ፣ የዕፅዋት ተመራማሪዎችም የእህልን ዝምድና ሲቆጥሩ ኖረዋል። ቀድሞ የሚቆጠረው በአበባ፣ በቅጠልና በፍሬ መልክ ሲሆን፣ ዛሬ ግን በዲ.ኤን.ኤ. ጭምር ነው።

ኢትዮጵያ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ስፍራ አላት። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 በሀገሪቱ ተዘዋውሮ ዘር ከሰበሰበ በኋላ፣ የሰብል መነሻ ከሆኑ የዓለም ማዕከላት አንዷ አድርጎ መዝግቧታል። እ.ኤ.አ. በ1976 በአዲስ አበባ የዘር ባንክ ተቋቋመ። ባንኩን የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ፣ ነባር ዘር በአርሶ አደሩ ማሳ ላይ እንዲጠበቅ ባደረጉት ጥረት እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል።

እ.ኤ.አ. በ1998 ደግሞ አንድ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ቡድን አበባ የሚያወጡ ዕፅዋትን ቤተሰብ በቤተሰብ በዲ.ኤን.ኤ. መሠረት እንደገና መደበ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ዲ.ኤን.ኤ. እንደ ረጅም ጽሑፍ ሲሆን፣ ከወላጅ ወደ ልጅ ሲገለበጥ አልፎ አልፎ አንዳንድ ፊደል ይለወጣል። በሁለት ዕፅዋት መካከል ያለው የፊደል ልዩነት ሲያንስ ዝምድናው ቅርብ፣ ሲበዛ ሩቅ ነው ማለት ነው።

በዚህ ቆጠራ መሠረት በዓለም ከተማ ዙሪያ የሚዘራው ጤፍ፣ የጀማ ሸለቆው ማሽላና የመንዝ ደጋው ገብስ ሁሉም የአንድ የሣር ቤተሰብ ልጆች ናቸው። ይሁን እንጂ ከሚዘሩት እህሎች መካከል የጤፍ የቅርብ ዘመድ ዳጉሳ ነው። ማሽላና በቆሎ ቀጥለው ይመጣሉ። ስንዴና ገብስ ግን ራቅ ካለ ቤት ናቸው።

የጤፍ ወላጅ ማን እንደሆነ ሲያከራክር ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2003 በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የዲ.ኤን.ኤ. ማስረጃ አቅርበው፣ ኤራግሮስቲስ ፒሎሳ የተባለው የዱር ሣር የጤፍ የቅርብ ዘመድ መሆኑን አሳዩ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ፀደይ»፣ በ2020 ደግሞ «ዳቢ» የተባሉት የጤፍ ዝርያዎች ሙሉ የዘር መረጃ ታተመ። ጤፍ የሁለት ጥንታዊ ሣሮችን ውርስ አጣምሮ የያዘ መሆኑም በዝርዝር ታወቀ።

ይህ ለአርሶ አደሩ ምን ይጠቅማል? ቢባል፣ ዘመዱ የታወቀ ሰብል ለማዳቀል ይመቻል። የጤፍ አበባ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ለረጅም ጊዜ ማዳቀል አልተቻለም ነበር። ዶክተር ታረቀ በርሄ አበባዋ ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ እንደምትከፈት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ከደረሱበት በኋላ መንገዱ ተከፈተ። እ.ኤ.አ. በ2006 የተለቀቀው «ቁንጮ» የ«ዱከም»ን ምርታማነት ከ«ማኛ» ንጣት ጋር ያጣመረው በዚሁ የማዳቀል ዘዴ ነው።

ሌላው ጉዳይ የባለቤትነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 አንድ የሆላንድ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የአውሮፓ የፈጠራ ባለቤትነት መብት አግኝቶ ነበር። የሄግ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ ፈጠራ የለበትም በማለት በሆላንድ ውድቅ አደረገው። ይህም ዘር ካልተጠበቀና ካልተመዘገበ ሌላው ስም ሊያወጣለት እንደሚችል ያሳየ ትምህርት ነው።

ዲ.ኤን.ኤ. የትኛው ዘር ከየትኛው እንደተወለደ ይናገራል። ያንን ዘር በክፉ ዘመን ሳይበላ ለመጪው ክረምት ያቆየው አርሶ አደር ማን እንደሆነ ግን አይናገርም። ያ በመዝገብ ነው የሚታወቀው። በመሆኑም የተሻሻለ ዘር የሚቀበል አባል ሁሉ ከነባሩ ጥቂት ቁና ለይቶ ቢያስቀምጥ፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትም የነባር ዝርያዎችን ስምና ቀበሌ ቢመዘግቡ፣ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ቅርስ ይሆናል።