ጥቁር አፈርና አንድ ወንበር፦ የላውንድስ ካውንቲ ታሪክና መልክዓ ምድር

በዩኒየናችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ በየጊዜው የምትነሣ አንዲት ጥያቄ አለች። አባሉ ብዙ የሆነ መሠረታዊ ማኅበርና አባሉ ጥቂት የሆነ ማኅበር የሚልኩት ተወካይ እኩል ይሁን ወይስ በአባል ቁጥር? በሻይ ሰዓት ሳይቀር ተከራክረንባታል። ለዚህ የምሥረታ በዓል መጽሔት ጽሑፍ አዘጋጅ ስባል፣ ይኸው ጥያቄ በአሜሪካ አላባማ ክፍለ ግዛት፣ በአንድ የገበሬ አካባቢ ያስከተለውን ታሪክ ለውድ አንባቢያን ላቅርብ ብዬ ተነሣሁ። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ላውንድስ ካውንቲ (ካውንቲ የሚሉት ከእኛ ወረዳ ጋር የሚቀራረብ ነው) የተቋቋመው በ1830 ነው። ከክፍለ ግዛቱ ዋና ከተማ ከሞንትጎመሪ በስተ ምዕራብ ይገኛል፤ በሰሜኑ አላባማ ወንዝ ያዋስነዋል። አካባቢው ቀድሞ የክሪክ ሕዝቦች መሬት ነበር፤ በጦርነት ተሸንፈው በ1814 በተደረገ ውል ሰፊ ግዛታቸውን እንዲለቁ ተገደዱ። ምድሩ «ጥቁር ቀበቶ» ከሚባለው የአፈር መስመር ውስጥ ይገባል። ከሥሩ ነጭ የኖራ ድንጋይ፣ ከላዩ ጥቁር ሸክላማ አፈር ነው። በዝናብ ጊዜ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውኃ ቶሎ አያሰርግም። የእኛ አርሶ አደሮች መረሬ ወይም ዋልካ የሚሉትን ያስታውሳል። መደብና ቦይ እያወጣን የምናጠነፍፈውን መሬት የሚያውቅ ሰው የላውንድስን ማሳ ለመገመት አይቸገርም። ጥቁሩ አፈር ለጥጥ ተስማሚ ስለነበር ባለ ርስቶች ባሪያዎች እያመጡ አሳረሱበት። ባርነት በ1865 ከቀረ በኋላም አብዛኛው ጥቁር ገበሬ ምርቱን ለባለ መሬቱ እያካፈለ የሚያርስ ጭሰኛ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። የአላባማ የ1901 ሕገ መንግሥት የምክር ቤት ወንበሮች በየአሥር ዓመቱ በሕዝብ ቆጠራ እንዲደለደሉ ያዝዝ ነበር። ይሁን እንጂ ከስልሳ ዓመት በላይ አልተደለደሉም። ከተሞች ሲያድጉ ወንበሩ በነበረበት ቆመ። በ1960 ቆጠራ ላውንድስ 15,417 ሰው ይዞ አንድ ሴናተር ነበረው፤ በርሚንግሃም ከተማ የሚገኝበት ጄፈርሰን ካውንቲም ከ600 ሺህ በላይ ሰው ይዞ ያው አንድ ሴናተር ነበረው። የአንድ የላውንድስ ሰው ድምፅ የአርባ የጄፈርሰን ሰው ያህል ይመዝን ነበር ማለት ነው።

ይህን አሠራር የሚደግፉት ወገኖች ገጠሩ በከተማ እንዳይዋጥ ነው ይሉ ነበር። ክርክሩ ለእኛ ለገጠር ሠራተኞች ጆሮ ይጥማል፤ እኔንም መጀመሪያ ላይ ስቦኝ ነበር። ነገር ግን ያ ከባድ ድምፅ በማን እጅ ነበር? ከላውንድስ ሕዝብ ከአምስት እጅ አራቱ ጥቁር ሲሆን፣ እስከ 1965 መጀመሪያ ድረስ ከእነርሱ በመራጭነት የተመዘገበ አንድም ሰው አልነበረም። በአንጻሩ በነጮቹ መዝገብ ላይ የሰፈረው ስም ለመምረጥ ከደረሱት ነጮች ቁጥር ይበልጥ ነበር። በገበሬ ስም የተያዘው ወንበር የሚያርሰውን ገበሬ አይወክልም ነበር።

የጄፈርሰን ነዋሪዎች ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት ወሰዱት። ሰኔ 15 ቀን 1964 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በስምንት ዳኞች ድምፅ ለአንድ፣ የክፍለ ግዛት ምክር ቤት ወንበር መሬትን ሳይሆን ሰውን መሠረት አድርጎ ይደልደል ሲል ወሰነ። ውሳኔውን የጻፉት ፕሬዚዳንቱ ኤርል ዋረን ናቸው። ላውንድስም ለብቻው የያዘውን ወንበር አጣ፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ተዳብሎ መምረጥ ግድ ሆነበት። የሚገርመው ጥቁሮቹ ድምፅ ያገኙትም በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። በመጋቢት 1965 በዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ የተመራው ሰልፍ ከሰልማ ወደ ሞንትጎመሪ ሲጓዝ በላውንድስ አለፈ፤ በነሐሴም የመምረጥ መብት ሕግ ታወጀ።

ለመመዝገብ የደፈረ ጭሰኛ ከመሬቱ ይነቀል ነበር። የተነቀሉት ቤተሰቦች በ80 ቁጥር መንገድ ዳር በድንኳን ሰፈሩ፤ አንዳንዶቹ ሁለት ዓመት ያህል እዚያው ከረሙ። ከንቅናቄው መሪዎች አንዱ የነበሩት ጆን ሁሌት በ1970 ተመርጠው የካውንቲው ሸሪፍ፣ ማለትም የፖሊስ አዛዥ ሆኑ።

ለኅብረት ሥራ ሰው ደግሞ ይህ ይበልጥ ይጥማል። በ1967 ላውንድስን ጨምሮ በአሥር ካውንቲዎች የሚኖሩ ገበሬዎች የደቡብ ምዕራብ አላባማ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበርን አቋቋሙ። ማዳበሪያ በጋራ ገዙ፤ ከጥጥ ወጥተው ባሚያ፣ ኪያርና አተር እያመረቱ በጋራ ሸጡ። የፌዴራሉ መንግሥት ወደ 400 ሺህ ዶላር ሲሰጣቸው የክፍለ ግዛቱ ገዥ ከለከሉ፤ ክልከላው በዋሽንግተን ተሻረ። ማኅበሩ ዛሬ የለም።

አፈሩ ግን እስከ ዛሬ ችግር አለው። ውኃ ስለማያሰርግ ተራ የፍሳሽ ጉድጓድ አይሠራበትም፤ ባለሙያ ሲያየው ከፍ ያለ መደብ የሚፈልግ፣ ዋጋውም ለድሃ ቤተሰብ የማይቀመስ ሥራ ነው። በብዙ ቤት ፍሳሹ ግቢ ውስጥ ይተኛል። በ2023 የፌዴራሉ ፍትሕ ሚኒስቴር ይህ እንዲስተካከል ከአላባማ የጤና መሥሪያ ቤት ጋር ስምምነት ተፈራረመ፤ በሚያዝያ 2025 ሚኒስቴሩ ራሱ ስምምነቱን አቋረጠው። በ2020 ቆጠራ የካውንቲው ሕዝብ ወደ 10,300 ዝቅ ብሏል።