ከበረባሶ የተወለደ ጫማ

አባቴ በረባሶውን የሚያሠራው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነበር። ቆራጩ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ ቢላዋውን ውሃ እያስነካ የከባድ መኪና ጎማ በእግር ልክ ያወጣል፤ ጠርዙን ይሰነጥቅና ማሰሪያውን በስንጥቁ አሳልፎ በምስማር ይመታዋል። የገጠሩ ሰው ስንት ቋጥኝ የወጣው በዚህ ጫማ ነው!

ቤተልሔም ጥላሁን በ2004 እ.ኤ.አ. ሶልሬብልስ የተባለውን የጫማ ድርጅት ስትመሠርት መነሻዋ ይኸው በረባሶ ነበር። ሥራው የተጀመረው ባደገችበት ዘነበወርቅ፣ በአያቷ ይዞታ ላይ፣ በ5 ሠራተኞች ነው። ሰፈሩ በሥጋ ደዌ ሆስፒታሉ ይታወቃል፤ ባለእጅ ሞልቶት ሥራ ያጣ ሰፈር ነበር። እኔን ከሁሉ የሚያኮራኝ አሠራሩ ነው፦ ሶሉ ያረጀ ጎማ፣ ላዩ በእጅ ተፈትሎ ሸማኔ የሠራው ጥጥ። አሮጌ ጎማን መልሶ መጠቀም ችግር ያስተማረን የቆየ ብልሃት ነው። እሷ ዘመናዊ ንድፍ ጨመረችበት፤ ለሠራተኛውም ደህና ደመወዝ። ድርጅቱ የዓለም ፍትሐዊ ንግድ ድርጅትን ማረጋገጫ አገኘ። ጫማው በኢንተርኔት እየተሸጠ አሜሪካና አውሮፓ ገባ፤ ታይዋን ውስጥም በስሙ ሱቅ ተከፈተ።