ዲናሞ

ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ስጀምር የባትሪዋ ቀይ መብራት ቦግ አለች። መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ «ዲናሞው ነው» አለኝ።

የቃሉ ሥር ግሪክኛ ነው፤ «ዲናሚስ» ኃይል ማለት ነው። እኛ ግን ቃሉን ለጥጠነዋል፤ ኤሌክትሪክ የሚበላው የውሃ ፓምፕ ሞተርም፣ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው የመኪናው ዕቃም ዲናሞ ነው። የቀድሞው የመኪና ዲናሞ ቀጥተኛ ጅረት ይሰጥ ነበር። የዛሬው አልተርኔተር ተለዋዋጭ ጅረት አመንጭቶ በዳዮዶች ያቀናዋል። መኪና አምራቹ ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1960 ቫሊያንት በተባለው መኪናው ላይ ገጠመው፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ጋራዡ የድሮውን ስም ይዞ ቀረ፤ እኔም አልከራከርም።

የሚያከራክረኝ «ዲናሞ ሞተ» የሚለው ፍርድ ነው። ቺንጋው ላልቶ ወይም የባትሪው ካፖ ዝጎ ሊሆን ይችላል። ደህና ባትሪ ሞተር ጠፍቶ 12.6 ቮልት ገደማ፣ ሞተር ተነሥቶ ከ13.8 እስከ 14.5 ያሳያል። ሞተር ተነሥቶም ከ13 በታች ከሆነ ባትሪው እየተሞላ አይደለም። የሚደክም ዲናሞ የሚጋለጠው ደግሞ፣ ከሚመስለን በተቃራኒ፣ ዳገቱ ላይ አይደለም፤ እዚያ ሞተሩ በኃይል ይሽከረከራል። መገናኛ የትራፊክ መጨናነቅ ውስጥ ቆመው ሲጠብቁ ነው የመኪናው መብራት የሚፈዘው።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ካፖ ነቅሎ «እንፈትነው» የሚል ካጋጠመዎት ግን እሺ አይበሉ። ቮልቴጁ በድንገት ዘልሎ ዳዮዱን ሊያቃጥል ይችላል። በቮልት መለኪያ ይለካልዎት።