የተባረሩት ሰዎች ቃል በሳን ሆዜ

በሳን ሆዜ መሐል ከተማ የፔራልታ አዶቤ የሚባል አነስተኛ የጭቃ ጡብ ቤት አለ። በእ.ኤ.አ. 1797 እንደ ተሠራ የሚነገርለት ይህ ቤት ከጥንቱ የስፔኖች መንደር እስከ ዛሬ የቆመ ብቸኛው ነው። ኋላ የኖረበት ሉዊስ ማሪያ ፔራልታ፣ ዛሬ ኦክላንድ ያለችበትን ሰፊ መሬት በ1820 በስፔን ዘውድ ስም የተቀበለ ወታደር ነበር። ምድሩ ግን አስቀድሞ የኦሎኒ ሕዝብ ነበር።

አንባቢ ልብ እንዲልልኝ የምሻው የቤቱን ስም ነው። «አዶቤ» የመጣው «አጥ-ጡብ» ከሚለው ዐረብኛ ነው፤ እኛም «ጡብ» የምንለው ይህንኑ ነው። ሙስሊሞች ከ711 እስከ 1492፣ ግዛታቸው ቢሰፋም ቢጠብም፣ በስፔን ምድር ነግሠዋል። በ1777 ሳን ሆዜን የቆረቆሩት ሰፋሪዎች የመስኖ ቦያቸውን «አሴኪያ» ይሉት ነበር፤ «ሳቂያ» ከሚለው ነው። የመንደሩ ሹም «አልካልዴ» ይባል ነበር፤ ይህም «ቃዲ» ነው። ንግዱም ከዚህ አላመለጠም፤ «ታሪፍ» እና «መጋዘን» በአውሮፓ ወደቦች የተለመዱት ከዐረብኛ ተወስደው ነው።

የስፔን መንግሥት ከ1609 እስከ 1614 የእነዚያን ሙስሊሞች ዘሮች፣ የተጠመቁትን ጭምር፣ ከአገር አባረረ። አባራሪዎቹ ግን ባሕር ተሻግረው በተባረሩት ቃል ቤት ሠሩ፣ ውኃ ጠለፉ፣ ዳኛ ሾሙ።

ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ገበያ ከሚውሉበት አገር ለመጣን ስደተኞች ነገሩ ባዕድ አይደለም። ከወገኖቻችን መካከል አንዱን ሃይማኖት ባለቤት፣ ሌላውን እንግዳ አድርጎ ታሪክ የሚተርክልን ሲነሣ፣ «ጡብ» የሚለውን ቃል ከየት እንዳገኘው እንጠይቀው።