ሁለቱ ክረምቶች፦ አገር አቋራጭ ስፖርት ከነቀምቴ እስከ ቱሪን

‹‹ክረምት›› የሚለው ቃል በየአገሩ አንድ ዓይነት ሥዕል አይፈጥርም። ለወለጋ ሕዝብ ክረምት ማለት ዝናም፣ ጭጋግ፣ ጭቃና የሞላ ወንዝ ነው። ለኖርዌይና ለፊንላንድ ሕዝቦች ደግሞ ቀኑ የሚያጥርበት፣ ምድር ለወራት ነጭ ለብሳ የምትከርምበት ወቅት ነው። በረዶም እንዲሁ ነው። በወለጋ በረዶ ከሰማይ ወርዶ ሰብል የሚያረግፍና ከጥቂት ሰዓት በኋላ የሚቀልጥ ጠላት ሲሆን፣ በሰሜን አውሮፓ ግን ሰው የሚጓዝበት ጎዳና ነው። ይሁን እንጂ እነዚህን የተራራቁ ሕዝቦች የሚያገናኙ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ክረምትን በኅብረት ሥራ ቀድሞ የመጠበቅ ልማድ ሲሆን፣ ሁለተኛው አገር አቋራጭ የተሰኘው ስፖርት ነው።

ነቀምቴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ፣ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናም የምታገኝ ከተማ ናት። ሻምቡ ከዚያም ከፍ ያለ ደጋ ነው። በጊምቢ፣ በነጆና በደምቢ ዶሎም ክረምቱ ረጅም ነው። ስለዚህ የወለጋ ገበሬም ሆነ የከተማ ነዋሪ ዝናሙ ሳይጠና የጎርፍ መውረጃውን ይጠርጋል፤ ጣሪያውን ይጠግናል፤ ማገዶውን ከደረቅ ቦታ ያስገባል። ሥራው ከአንድ ቤተሰብ ጉልበት በላይ ሲሆን ጎረቤት ይጠራራል። በአማርኛ ደቦ፣ በኦሮምኛ ጂጊ የሚባለው ይህ የመረዳዳት ሥርዓት የዛሬውን ባለ ሥራ ነገ በተራው ረዳት የሚያደርግ ነው።

በኖርዌይ ይህንኑ የመሰለ ልማድ ‹‹ዱግናድ›› ይባላል። የበረዶ ሸርተቴ ክበቦች የቆሙትም በዚህ ልማድ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1861 በኖርዌይ ትሪሲል በተባለ ስፍራ የተቋቋመው ክበብ በዓለም ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። ሸርተቴ ከዚያ በፊት ለብዙ ሺህ ዓመታት የአዳኙና የመንገደኛው መሣሪያ ነበር እንጂ መጫወቻ አልነበረም። ክበቦቹ የአኗኗር ዘዴ የነበረውን ወደ ስፖርት አሳደጉት። በ1916 ዓ.ም. በፈረንሳይ ሻሞኒ የመጀመሪያው የክረምት ኦሊምፒክ ሲካሄድ አገር አቋራጭ ሸርተቴ በ18 እና በ50 ኪሎ ሜትር ከውድድሮቹ መካከል ተቆጥሯል።

የአንድ አነስተኛ ክበብ ሕይወት በውድድር ቀን ብቻ የሚታይ አይደለም። አብዛኛው ሥራ የሚሠራው በረዶ ሳይጥል ነው። አባላቱ በመከር ወራት ወደ ጫካ ወጥተው በበጋ የበቀለውን ቁጥቋጦ ይመነጥራሉ፤ የወደቀ ግንድ ያነሳሉ፤ ረግረጉን ያጠነፍፋሉ፤ የተሰበረ የእንጨት ድልድይ ይጠግናሉ። መንገዱን የሚደለድለው መኪና ይፈተሻል። ለማታ ልምምድ የሚያገለግሉት መብራቶች ይታያሉ። ለሕፃናት የሚሆኑ ሸርተቴዎች ከትልልቆቹ ወደ ትንንሾቹ ይተላለፋሉ። አትሌቶቹም እስከዚያው በአስፋልት ላይ ጎማ በተገጠመለት ሸርተቴ ይለማመዳሉ። ሰም የመቀባቱ ጥበብ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ከእግር ሥር የሚቀባው ሰም በረዶውን ጨብጦ ወደ ኋላ እንዳያንሸራትት፣ በጫፍና በጅራት የሚቀባው ግን በፍጥነት እንዲያንሸራትት ይደረጋል። የቅዝቃዜው መጠን ሲለወጥ ሰሙም ይለወጣል።

አፍሪካውያን ወደዚህ መድረክ የገቡት ዘግይተው ነው። በ1976 ዓ.ም. በሳራዬቮ ሴኔጋላዊው ላሚን ጌይ በተራራ ቁልቁለት ሸርተቴ ተወዳደረ። በ1990 ዓ.ም. በናጋኖ ኬንያዊው ፊሊፕ ቦይት በ10 ኪሎ ሜትር አገር አቋራጭ ከሁሉም ኋላ ሲገባ፣ አሸናፊው ኖርዌያዊ ቢዮርን ዴሊ ከመጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ጠብቆ አቀፈው።

የኢትዮጵያ ተራ የደረሰው በ1998 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ የተወለደው ሮቤል ተክለማርያም በልጅነቱ ወደ አሜሪካ ሄዶ፣ የክረምት ኦሊምፒክን ሁለት ጊዜ ባስተናገደው በሌክ ፕላሲድ አካባቢ ሸርተቴን ተማረ። ኋላም በኒው ሃምፕሻየር ዩኒቨርሲቲ ቡድን ተወዳደረ። ለትውልድ አገሩ ለመሰለፍ በፈለገ ጊዜ ግን የሚቀበለው አካል አልነበረም። አንድ አገር በኦሊምፒክ ለመሳተፍ የስፖርቱ ብሔራዊ ፌዴሬሽን ሊኖረው ይገባል። ስለዚህ ሮቤል አትሌት ብቻ ሳይሆን አደራጅም ሆነ፤ የኢትዮጵያ የበረዶ ሸርተቴ ፌዴሬሽን በእርሱ ጥረት ተመሠረተ። በየካቲት 1998 ዓ.ም. በቱሪን ሰንደቅ ዓላማ ይዞ ሲሰለፍ የኢትዮጵያ ቡድን ማለት እርሱ ብቻ ነበር። የ15 ኪሎ ሜትር ውድድሩንም ፈጸመ። በ2002 ዓ.ም. በቫንኩቨር እንደገና በ15 ኪሎ ሜትር ተሰለፈ። በሁለቱም ጊዜ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ቢገባም፣ የኢትዮጵያ ስም በክረምት ኦሊምፒክ መዝገብ ሰፍሯል።

ከዚያ በኋላ በ2006፣ በ2010 እና በ2014 ዓ.ም. በተካሄዱት የክረምት ጨዋታዎች ኢትዮጵያ አልተሳተፈችም። ምክንያቱን የበረዶ እጦት ብቻ አድርጎ መመልከት ነገሩን ማቅለል ይሆናል። ትልቁ ጉድለት ሌላ ነው። በቱሪን የታየው ጥረት ከላይ ፌዴሬሽን ነበረው እንጂ ከሥር ክበብ አልነበረውም። ቁጥቋጦ የሚመነጥር፣ ሸርተቴ ለታናሹ የሚያስተላልፍ፣ ተተኪ የሚያፈራ ሰፈር አልነበረም። የአንድ ሰው ጽናት በር ሊከፍት ይችላል፤ በሩ ተከፍቶ እንዲቆይ ማድረግ ግን የብዙዎች ሥራ ነው።

ይህ እውነት በሌላው አገር አቋራጭ፣ በሩጫው፣ በግልጽ ታይቷል። በመጋቢት 1973 ዓ.ም. ማድሪድ ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ኢትዮጵያውያኑ የዙሩን ቁጥር በመሳሳት የመጨረሻውን ፍጥነት አንድ ዙር ቀድመው አወጡ። የግሉ ድል አመለጣቸው፤ መሐመድ ከድር ሁለተኛ ወጣ። ነገር ግን የቡድን ውጤት የሚሰላው የስድስት ሯጮች ደረጃ ተደምሮ ስለነበረ የቡድኑ ዋንጫ የኢትዮጵያ ሆነ። እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስም በተከታታይ አምስት ጊዜ ከእጇ አልወጣም። አንዱ ሲሳሳት ሌላው ስለሚሸከመው፣ በስሕተት የጠፋው በብዛት ተተካ።

ወለጋም ከዚህ ታሪክ ድርሻ አላት። ማርቆስ ገነቲ የተወለደው ከነቀምቴ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጉቴ ነው። በ1996 ዓ.ም. ቡዳፔስት ላይ በዓለም የቤት ውስጥ ሻምፒዮና በ3,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ አገኘ። በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ደግሞ በሎስ አንጀለስ የመጀመሪያ ማራቶኑን ሮጠ። በዚያ ዕለት ዶፍ ዝናም ከብርድ ጋር ወርዶ ብዙ ሯጮችን አንዘፈዘፈ። የወለጋው ልጅ ግን በ2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ35 ሴኮንድ የቦታውን ክብረ ወሰን ሰብሮ አሸነፈ። ክረምት እርሱን ያስተማረው በሸርተቴ አልነበረም፤ ዝናም ባደገበት አገር የየዓመቱ እንግዳ ነው።

እንግዲህ የሁለቱ አገር አቋራጮች ታሪክ ለስፖርት አደራጅም፣ ለመምህርም፣ ለኪነት ሰውም አንድ ነገር ያመለክታል። በረዶ ለሻምቡና ለነቀምቴ ወጣቶች አይወርድላቸውም፤ ሊወርድላቸውም አያስፈልግም። የሰሜኑ ክበብ ትልቁ ሀብት በረዶው ሳይሆን፣ በረዶው ከመምጣቱ በፊት ጫካ ውስጥ የሚሰበሰበው ሕዝብ ነው። ያ ሀብት በወለጋ በጂጊ ስም ከጥንት ጀምሮ አለ። የጎርፍ መውረጃ የሚጠርገው ክንድ የመሮጫ ሜዳንም ማጠንፈፍ ይችላል። የትምህርት ቤት ሜዳ ከሰኔ በፊት ውኃው እንዲወርድ ከተደረገ፣ በመስከረም ሰማዩ ብራ ሲሆን ወጣቶቹ ሣሩ ላይ ይገኛሉ። ሳይደረግ የቀረ እንደሆነ ግን እስከ ኅዳር ጭቃው እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ይሆንባቸዋል። የአንድ ክበብ ዓመት የሚለካው ከክረምት በፊት በተሠራው ሥራ ነው።