የመኪና መድንና ውሉን ያልፈረመው ሰው

መድን፣ በተለምዶ አጠራሩ ኢንሹራንስ፣ በመሠረቱ በሁለት ወገኖች መካከል የሚደረግ ውል ነው። አንደኛው ወገን ዓረቦን ይከፍላል፤ ሁለተኛው ወገን አደጋ በደረሰ ጊዜ ጉዳቱን ለመካስ ግዴታ ይገባል። መርከብ ቢሰጥም ወይም ቤት ቢቃጠል፣ ውሉን የፈረመውና ንብረቱን ያጣው አንድ ሰው ስለሆነ፣ የውሉን ቃል ያፈረሰ ነጋዴ ካሣውን ቢከለከል በደሉ ከራሱ አያልፍም። አውቶሞቢል ወደ መንገድ ከወጣ በኋላ ግን ይህ ሥርዓት ተናጋ። በመኪና የሚገጨው እግረኛ ውሉን አላየውም፤ አልፈረመበትምም። እንግዲህ መድን ሰጪው «ደንበኛዬ ውሉን ስላፈረሰ አልከፍልም» በሚልበት ጊዜ፣ በውሉ መፍረስ የሚቀጣው ማን ሊሆን ነው? የመኪና መድን ሕግ ታሪክ በአብዛኛው ለዚህ ጥያቄ መልስ የመፈለግ ታሪክ ነው።

የጥያቄው አመጣጥ በብሪታንያ ጉልህ ሆኖ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1896 በለንደን ክሪስታል ፓላስ አጠገብ ብሪጅት ድሪስኮል የተባለች እግረኛ በመኪና ተገጭታ ሞተች። ይህ ሞት በዚያች አገር በአውቶሞቢል ከደረሱት የእግረኛ ሞቶች የመጀመሪያው ሆኖ ይጠቀሳል። በ1930 ግን በአገሪቱ መንገዶች ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ የሞቱት ሰዎች ቁጥር ከ7,000 በላይ ደረሰ። እስከዚያ ጊዜ ድረስ መድን መግባት በባለመኪናው ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነበር። ተጎጂው በፍርድ ቤት ረትቶ ቢወጣም፣ ተከሳሹ ድሀ ከሆነ ፍርዱ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ ይቀር ነበር። ከዚህም የባሰ ነገር ነበር። ባለመኪናው በከሰረ ጊዜ፣ መድን ሰጪው የሚከፍለው ገንዘብ ለተጎጂው መሆኑ ቀርቶ ለአበዳሪዎች ሁሉ ይከፋፈል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1930 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕግ የሦስተኛ ወገን መድንን አስገዳጅ አደረገ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ሕግም ባለመኪናው በከሰረ ጊዜ ተጎጂው በቀጥታ መድን ሰጪውን እንዲጠይቅ ፈቀደ። ይሁን እንጂ ሕጉ ባለመኪናውን መድን እንዲገባ ሲያስገድድ፣ መድን ሰጪው ሳያመካኝ እንዲከፍል የሚያደርግ በቂ ድንጋጌ አልነበረውም። በእርግጥ አደጋው ከደረሰ በኋላ በሚፈጸም ጉድለት፣ ለምሳሌ በወቅቱ ባለማስታወቅ፣ የተጎጂው መብት እንዳይጓደል ደንግጎ ነበር። ከአደጋው በፊት ያሉትን ቅድመ ሁኔታዎች ግን አልነካቸውም። የውል ሰነዶች ደግሞ በእንዲህ ዓይነት ቅድመ ሁኔታዎች የተሞሉ ነበሩ።

ይህን ቀዳዳ ለመድፈን በ1934 ሌላ ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ መሠረት በነጂው ዕድሜ ወይም የጤና ሁኔታ፣ በተሽከርካሪው ይዞታ፣ በተሳፋሪዎች ቁጥር፣ በጭነቱ ክብደት፣ በጉዞው ሰዓትና ሥፍራ፣ በሞተሩ የፈረስ ጉልበት፣ እንዲሁም በመኪናው ላይ በሚገጠሙ ልዩ ልዩ መሣሪያዎች ምክንያት የሚደረጉ ገደቦች በተጎጂው ላይ ዋጋ እንዳይኖራቸው ተደረገ። መድን ሰጪው አስቀድሞ ለተጎጂው ይከፍላል፤ ኋላም የከፈለውን ውሉን ካፈረሰው ደንበኛው ሊያስመልስ ይችላል። የክርክሩ ሸክም ከተጎጂው ትከሻ ወርዶ በሁለቱ ተዋዋዮች መካከል እንዲቀር ተወሰነ ማለት ነው።

ሆኖም ሕጉ ያልዘረዘረው ገደብ፣ በተለይም መኪናው የሚውልበትን አገልግሎት የሚመለከተው፣ እንደጸና ቀረ። ጨርሶ መድን የሌለው መኪና የገጨው ሰውም መድኅን አላገኘም። በ1937 አንድ የመንግሥት አጣሪ ኮሚቴ በጉዳዩ ላይ ሪፖርት አቀረበ፤ ጦርነቱ ካበቃ በኋላም በ1946 መድን ሰጪዎች ከትራንስፖርት ሚኒስትሩ ጋር ተስማምተው የጋራ ቢሮ አቋቋሙ። ገጭቶ በሚያመልጥ ያልታወቀ ነጂ የሚጎዱ ሰዎችም በ1969 በተደረገ ስምምነት የካሣ መንገድ ተከፈተላቸው።

በመድን ሰጪውና በደንበኛው መካከል የሚነሣው ክርክር ግን ከዚያ በኋላም ቀጠለ። ከነዚህ ክርክሮች ሁለቱ ለመሐንዲሶች ልዩ ትርጉም አላቸው። በ1953 ለእንግሊዝ ይግባኝ ፍርድ ቤት በቀረበው ጉዳይ፣ ለአምስት ሰዎች የተሠራ መኪና ስድስት ሰዎች አሳፍሮ አደጋ ደርሶበት ነበር። መድን ሰጪው «መኪናው ከተሠራበት በላይ ጭነት ይዟል» ብሎ ካሣ ከለከለ። ፍርድ ቤቱ ግን «ጭነት» የሚለው ቃል የክብደት ልክ የተወሰነላቸውን ተሽከርካሪዎች እንጂ የቤት መኪና ተሳፋሪዎችን በግልጽ የሚመለከት አይደለም፤ አሻሚ ቃል በጻፈው ላይ ይተረጎማል ሲል ክልከላውን ሻረ። በ1963 ደግሞ ለአራት ሰዎች የተሠራች መኪና ዘጠኝ ሰዎች አሳፍራ ስትጓዝ አደጋ ደረሰባት። የዚህኛው ውል ቃል «ለጉዞ ብቁ ባልሆነ ሁኔታ» የሚል ነበር። ፍርድ ቤቱም የመኪና ብቃት የሚመዘነው ጋራዥ ውስጥ እንደቆመች ሳይሆን በመንገድ ላይ ከነጭነቷ ነው በማለት ክልከላውን አጸና። በሁለቱም ጉዳይ ከልክ ያለፈ ተሳፋሪ ነበረ፤ ውጤቱን የለያየው የውሉ ቃልና የመኪናዋ አያያዝ ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የመጀመሪያው አገር በቀል የመድን ኩባንያ የተቋቋመው በ1943 ዓ.ም. ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ጥፋት ባይኖርበትም፣ ኃላፊ እንዲሆን ደነገገ። በዚያው ዓመት የወጣው የንግድ ሕግም ካሣ የሚከለከልበትን ድንበር አሰመረ። በቁጥር 663 መሠረት መድን ገቢው ሆን ብሎ ያደረሰው ጉዳት አይካስም፤ ተራ ቸልተኝነት ግን ብቻውን ካሣ አያስከለክልም። አውቆ በሐሰት የተዋዋለ ሰው ውሉ ይፈርስበታል፤ ያለ ተንኮል የተሳሳተው ግን ሙሉ በሙሉ አይከለከልም። በቁጥር 674 እንደተመለከተው ደግሞ ከመድን ውል የሚነሣ ጥያቄ በሁለት ዓመት ይርጋ ይታገዳል።

በታኅሣሥ ወር 1967 ዓ.ም. የግል የመድን ኩባንያዎች ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ ዘርፉ ለኢትዮጵያውያን የግል ባለሀብቶች ዳግመኛ ተከፈተ። የሦስተኛ ወገን መድንን ለተሽከርካሪዎች በጠቅላላ አስገዳጅ ያደረገው ግን አዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። በባለቤቱ ኃላፊነትና በአስገዳጁ መድን መካከል ወደ አርባ ስምንት ዓመት አለፈ ማለት ነው። በነዚያ ዓመታት የተጎጂው ካሣ በባለመኪናው ኪስ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። አዋጁን የተካው አዋጅ ቁጥር 799/2005ም መድን በሌለው ወይም ገጭቶ በተሰወረ መኪና ለሚጎዱ ሰዎች የሚውል ፈንድ እንዲኖር አድርጓል።

ከዚህ ታሪክ ለሙያው የሚተርፍ ትምህርት አለ። ካሣ የሚያስከለክለው ማስረጃ ብዙውን ጊዜ ፍሬኑን፣ ጎማውንና ጭነቱን የመረመረው ባለሙያ የጻፈው ሪፖርት ነው። ጎማው አልቆ ነበር ማለት አንድ ነገር ነው፤ አደጋውን ያደረሰው ያለቀው ጎማ ነው ማለት ሌላ ነገር ነው። በቆመበት ከኋላ የተገጨ መኪና ጎማው ቢያልቅ ለግጭቱ ምክንያት አይሆንም። እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች ሳይለይ የሚፈርም መሐንዲስ ሳያውቀው ዳኛ ይሆናል። ካሣ የተከለከለ ሰውም ክልከላው የተመሠረተበትን የውል አንቀጽ በጽሑፍ ማስገለጥ፣ የተሰበረው መኪና ሳይጠገን ማስመርመርና የሁለቱን ዓመት ጊዜ መጠበቅ ይገባዋል። ሕግ ቀዳዳዎችን በየጊዜው ሲደፍን ኖሯል፤ የቀረው የሚደፈነው ግን በታማኝ ምርመራ ነው።